ያፈሩትን ቁረጥ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ወደ ቤት ተመለስኩ። ብቻዬን፣ ግንባሬ ላይ ግማሽ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዤ።

የሆነውን ሌላ ሰው አሳምሮ ሳያወራው እኔ ልጻፈው። ትናንት የባለቤቴ የጨረር ሕክምና የተጀመረበት ቀን ነበር። ስድስት ሳምንት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሲቀር በየቀኑ። ሆስፒታሉ ከእኛ ቤት በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ስለሚያስኬድ፣ እዚያው ከተማ ታላቅ እህቷ ቤት ሁለታችንም ልንከርም ተስማምተን ነበር። አጽናኙ እኔ ነኝ። ከሳምንት በፊት ጀምሬ «አለሁልሽ፣ አለሁልሽ» ስል ሰነበትኩ። ስሟ ሲጠራ ተነሣች፤ እኔም አብሬ ተነሣሁ። ነጩ በር ተከፈተ፣ የመድኃኒቱ ሽታ መጣ፣ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የኮሪደሩን ጣሪያ ነው። ሁለት ነርሶች እግሬን ወደ ላይ አንሥተው ይዘዋል። ባለቤቴ ኮቴንና ባርኔጣዬን ታቅፋ ከራስጌዬ ተንበርክካ «አለሁልህ» ትለኛለች።

በእኔ ምክንያት ወረፋዋ ሃያ ደቂቃ ዘገየ።

እህቷ ቤት እንደገባን እህትየዋ ማድ ቤት ጠራችኝ። «ስማ አንተ ሰው፣ እኔ ሁለት በሽተኛ ማስታመም አልችልም። ያ እንጆሪ መቆረጥ አለበት ስትሉ አልነበር? ሂድና እሱን ቁረጥ።»

«እትዬ፣ እንዴት ጥያት እሄዳለሁ?» ብዬ ለክብሬ ያህል ሦስት ደቂቃ ተከራከርኩ። ከዚያ ሻንጣዬን አነሣሁ። እውነቱን ለመናገር ሻንጣውን መጀመሪያውኑም አልፈታሁትም ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፈችው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «እንጆሪው። ያፈሩትን ከሥር ቁረጥ። አዲሶቹን ሽቦው ላይ እሰር። ጓንት አድርግ።»

በቃ። ይኸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል መመሪያ ሳረቅቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ መመሪያ ግን አይቼ አላውቅም። ዓላማ የለው፣ የተፈጻሚነት ወሰን የለው፣ የትርጓሜ አንቀጽ የለው። የጸና ሆኖ ያገኘሁት የጓንቱን ነገር ብቻ ነው።

እንጆሪ ስል ያንን መሬት ለመሬት የሚሳበውን አይደለም። የእኛው ከሰው ቁመት በላይ የሚቆመው፣ እሾሃሙ ነው፤ ችግኝ ሻጩ «ራስቤሪ» ይለዋል። ከጓሮው ግንብ ሥር፣ በተወጠረ ሽቦ አጠገብ፣ በአንድ መስመር ዐሥራ አራት እግር አለ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የተከለችው እሷ ናት፤ የምትከረክመውም እሷ፣ የምትለቅመውም እሷ። የእኔ የሥራ ድርሻ መብላት ነበር። ልጅ አልወለድንም። ከመሥሪያ ቤት ስገባ አንዳንድ ቀን እዚያ ጥግ ጎንበስ ብላ ስታወራ እሰማታለሁ። «ከማን ጋር ነው?» ስላት «ከአንተ የተሻለ ከሚሰማኝ ጋር» ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። «ሦስተኛውም አለፈ» አለች።

«እንዴት ነው?»

«ምን እንዴት አለው፣ ትተኛለህ፣ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ተነሥ ይሉሃል። ግንባርህስ?»

ስለ ግንባሬ ዐሥር ደቂቃ አወራን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ስለ እሷ አንድ ደቂቃ እንኳ እንዳልሞላን የገባኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ሥራ የሚባል ሥራ ሠራሁ!

በጠዋት ወጣሁ፤ ጓንት፣ የአትክልት መቀስ፣ ገመድ፣ ባርኔጣ። ነገሩ በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ እግር ሁለት ዓይነት ዘንግ ወጥቷል። አንደኛው ቡናማ ነው፤ ልጡ ተልጧል፣ ቅጠሉ ገርጥቷል፣ ጫፉ ላይ የዘንድሮ ፍሬ የተቀነጠሰበት እሸት የሌለው ዘለላ ደርቆ ተንጠልጥሏል። ዓመቱን የሠራው እሱ ነው። ሌላው አረንጓዴ፣ ልሙጥ፣ ደንዳና፤ ዘንድሮ በቅሎ፣ ዘንድሮ ረዝሞ፣ አንዲት ፍሬ ለማንም ያልሰጠ። ቆሞ ማደግ ብቻ።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ያፈሩትን ቁረጥ። ያፈሩትን? ሻንጣ እየዘጋች፣ ሐሳቧ ሆስፒታል ሄዶ የጻፈችው መሆኑ ግልጽ ነው። በጥድፊያ ተገልብጦባታል። የሠራውን አሰናብቶ ያልሠራውን የሚያቅፍ አእምሮ ያለው ሰው የት ይገኛል? አንድ ቦታ አውቃለሁ፤ ባለፈው የካቲት በራሴ ላይ ተፈጽሟል። የስንብት ደብዳቤዬን ያረቀቅኩት እንኳ ራሴ ነበርኩ፤ ከእኔ በቀር ቅጹን የሚያውቅ ስላልነበረ። «ለሰጡት የረጅም ዘመን አገልግሎት» የምትለዋን ሐረግ ሁለት ጊዜ ነው ያሻሻልኳት። ከዚያም የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ።

አንዱን ቡናማ ዘንግ በእጄ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ነፋሱ ያወዛውዘዋል። «አይዞህ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካህም» አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ አጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የልብስ ስፌት መኪና ቀጥ ስትል ሰማሁ።

እስከ ምሳ ሰዓት አረንጓዴዎቹን ሁሉ ከሥር አወረድኳቸው። ሠላሳ ስምንት ናቸው። ለመሸከም እንዲመች እያንዳንዱን ከሁለት ከሦስት ቆራርጬ በገመድ አሰርኩ። ቡናማዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ ሽቦው ላይ አሰርኳቸው፤ በድርብ ቋጠሮ።

እሑድ፣ ጥቅምት 12

ጀርባዬ! ጫማዬን ለማሰር እግሬን ወንበር ላይ መስቀል ነበረብኝ።

«ጨረስኩ» አልኳት በስልክ።

«በአንድ ቀን? ጎበዝ! ያፈሩትን ከሥር ቆረጥክ አይደል?»

«በመመሪያው መሠረት» አልኩ።

ይህ ውሸት አይደለም። መመሪያ በመንፈሱም ይተረጎማል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ጉድ ፈላ።

ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፤ አንገቷ ላይ ሜትር፣ ከንፈሯ ላይ ሁለት መርፌ ቁልፍ። እስሩን አየችና መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አወጣች።

«ጋሼ፣ እነዚህን ማን ቆረጣቸው?»

«እኔ ነኛ! ምን ሆኑ?»

«ለምን?»

«ምንም አላፈሩማ።»

አየችኝ። የሚስቴን ጤንነት ስትጠይቀኝ እንኳ እንዲህ በኀዘኔታ አይታኝ አታውቅም። «ጋሼ፣ ይሄ ዘንግ እኮ ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው። አንድ ዓመት ያድጋል፣ በሁለተኛው ያፈራል፣ ከዚያ ይደርቃል። ያሰሩት ደረቆቹን ነው። የከርሞዎቹን ነው የቆረጡት።»

«ሁሉም እንደዚያ ናቸው?»

«ሁሉም። አንድ እንኳ አላስቀሩም?»

«እኔ ሥራ በግማሽ አልተውም» አልኳት።

አፏን በእጇ ሸፈነች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም። «እሷስ? ለእሷ ምን ሊሏት ነው?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። «አንድ ወዳጄ» ብዬ ጀመርኩ።

ሥሩ አልሞተም ይላል። በመጪው ወቅት አዲስ ዘንግ ያወጣል። ፍሬው ግን ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት። የከርሞው የለም፣ ባዶ።

«የተቆረጠውን መልሶ ቢተክለውስ?»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ወዳጅዎ ደህና ናቸው?»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

ልነግራት ነበር። እምላለሁ፣ ዛሬ ልነግራት ነበር። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ስለ እንጆሪው» እንዳልኩ ቀደመችኝ።

«ውይ፣ እሱን ልልህ ነው! ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ማሽኑ ውስጥ አትንቀሳቀሺ ይሉኛል፤ ሐሳቤ ደግሞ የማልፈልገው ቦታ ይሄዳል። የማስበው ነገር ፈለግኩ። የታሰሩትን አዲሶቹን እያሰብኩ፣ የከርሞውን ፍሬ ብቆጥር አይሻልም?»

ይህን ከሰማ በኋላ እውነቱን የሚናገር ሰው ካለ ጀግና ነው። እኔ ጀግና አይደለሁም፤ ጣሪያ ስመለከት ያየኝ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

ስለዚህ የሚከተለውን ፈጸምኩ። እስሩን ፈታሁ። ቅጠሉ ጠውልጎ ስለነበር ሁሉንም መለመልኩት፤ ባዶ ዱላ ሆነ። ከመስመሩ ጫፍ ሦስት እግር መረጥኩ፣ የእነሱን ቡናማዎች ወደ ግንቡ ገፍቼ በጆንያ ሸፈንኳቸው። ዐሥራ ሁለት የተቆረጠ ዘንግ አፈሩ ውስጥ ሰካሁ፣ ሽቦው ላይ ቀጥ አድርጌ አሰርኩ፣ ጎንበስ ብዬ ከታች ወደ ላይ ፎቶ አነሣሁ። ላክሁ።

በአገልግሎት ዘመኔ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረቡ አራት ሠራተኞች አሰናብቻለሁ። አንደኛው አልቅሶ ነበር። «ሚስቴን ላለማሳዘን ብዬ ነው» ያለኝ ትዝ ይለኛል። «ይህ ምክንያት በደንቡ አልተካተተም» ነበር መልሴ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

«ውይ ሲያምር!» አለች። «እንዴት አድርገህ ነው ቀጥ ቀጥ ያደረግካቸው? እንደ እርሳስ!»

ከኋላዋ የእህቷ ሳቅ ይሰማል። ደስ ብሏቸዋል።

በሕይወቴ የተመሰገንኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህ በጣም የከበደኝ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

ከመሥሪያ ቤት ተደወለልኝ! በቦታዬ የተተካችው ልጅ ናት። የአንድ ሠራተኛ የዝውውር ፋይል ጠፍቶባታል። ልቤ ዘለለ፤ እውነት ለመናገር ያለ ሐፍረት ነው የዘለለው። «ነገ ራሴ እመጣለሁ፣ የመዝገብ ቤቱ አደረጃጀት በስልክ የሚገለጽ አይደለም» እያልኩ ኮቴን ስፈልግ፣ «አይ፣ ጋሼ፣ አገኘሁት፣ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር» አለችኝ።

የሰካኋቸው ዘንጎች ጠቁረዋል።

እሑድ፣ ጥቅምት 26

እህቷ ደወለች። እሷ ራሷ ስትደውል ነገር አለ ማለት ነው።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«እትዬ፣ ውርጭ ሊወርድ ነው ተብሏል። ሥሩን ገለባ ካላለበስኩት...»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ! ጫካ ነው እንዴ የምትከረክመው?»

«ሥራው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም።»

«እሱንስ አይተናል» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

«እሷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች፤ ተዪው፣ ሥራ ይዞት ነው ትላለች። እኔ ነኝ የምናገርህ፣ እሷማ መቼ ትናገርሃለች።»

ገለባ ገዛሁ። ሙቀት እንዲያገኝ የሞተ ዘንግ ሥር አነጠፍኩ። ብርዱ ለሁለታችንም አይበጅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 1

ሱሪዎቼ ሰፍተውኛል። አንዱን ለማስጠበብ ልብስ ሰፊዋ ጋ ይዤ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ደንበኛ አለች።

«ሚስቱ እዚያ ጨረር ሥር ትጋደማለች፣ እሱ እዚህ ቅጠል ያበጥራል። ወንድ!» ትላለች ደንበኛዋ።

«ተያቸው፣ ፈርተው ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ፈርቶ! እኔ? በሦስት የሠራተኛ አድማ ፊት ለፊት የቆምኩ ሰው! የመጣልኝን መልስ ሁሉ እየቆጠርኩ ጓሮውን ስዞር ዋልኩ፤ ቀበቶ ስላላደረግኩ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ባለቤቴ ደወለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። አልበላ ብሏታል፤ ሾርባ ብቻ። ቆዳዋ ተቃጥሎ ልብስ ሲነካው ያማታል። ይህን የነገረችኝ በመሐል፣ እንደ ትንሽ ነገር ነው፤ ወዲያው ስለ ጀርባዬ ጠየቀችኝ።

«ፎቶውን ግን በየቀኑ ነው የማየው» አለች። «ሳልገባ በፊት አያታለሁ፣ እዚያ ተጋድሜ አስባታለሁ። ለከርሞ ማርማላታ እንሠራ ይሆን?»

«ለምን አንሠራም» አልኩ።

ለምን አንሠራም! ምላሴ እንዴት ታዘዘኝ?

ከዚያ ወዲህ እንደ ወፍጮ ስዞር አመሸሁ። «የከርሞ ሰው ይበለን» ስንል ኖረናል፤ ለወግ ያህል። ዘንድሮ ቃሉን ማንም ፊቴ ሲያነሣው ጆሮዬን እደፍናለሁ። ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ እናያለን» ነው ያለው፤ ምን እንደሚያይ አልጠየቅኩትም። እሷ ጠይቃዋለች፤ እኔ ያኔ የመኪና ማቆሚያውን ለማየት ወጥቼ ነበር። መኪና የለንም።

ይኸው ልጻፈው፤ ደብተሩ የእኔ ነው። ፈርቻለሁ። ውርጭም፣ ገለባም፣ ጀርባም አይደለም። ያ ነጭ በር ተከፍቶ የሚያሳየኝን ነው የፈራሁት። ከተጋባን አርባ ዓመት ሊሞላን ነው፤ ያለ እሷ አንድ ሻይ አፍልቼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ይኸው በዚህ ወር ሦስት ጀበና... አይ፣ ማንቆርቆሪያ አቃጥያለሁ። እሷ ደግሞ እዚያ ተጋድማ ልትኖርለት የመረጠችውን አንድ ነገር እኔ በገዛ እጄ፣ ጓንት አድርጌ፣ ከሥሩ ቆርጬዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ነፋስ። የሰካኋቸው ዐሥራ ሁለቱም ወደቁ።

መልሼ ሰካኋቸው። ለማን?

እሑድ፣ ኅዳር 10

ጢሜን ተላጨሁ። የነገውን የማለዳ አውቶቡስ ነው የምይዘው። ከወደቁት ዘንጎች አንዱን በጋዜጣ ጠቀለልኩ። ያለ ማስረጃ ጥፋቱን የሚያምን ሠራተኛ ሁልጊዜ ያጠራጥረኝ ነበር።

ለልብስ ሰፊዋ ቁልፍ ስሰጣት «ሊነግሯት ነው?» አለችኝ። «ልነግራት ነው» አልኳት። ያጠበበችልኝን ሱሪ ሰጠችኝ። ለካ ያን ቀን በሩ ላይ ጥዬው ሄጄ ኖሯል።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

እህቷ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። 

የአውቶቡሱ ረዳት ጥቅሉን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «ማስረጃ» አልኩት። «እሾሃም ማስረጃ ከላይ አይጫንም፣ በጭንዎ ይያዙት» አለ። ሦስት ሰዓት በጭኔ ያዝኩት፤ አዲስ የጠበበ ሱሪዬ ሁለት ቦታ ተቀደደ።

በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ባለቤቴ ገና ውስጥ ናት አሉኝ። ያው ኮሪደር፣ ያው ሽታ። መውደቄ ካልቀረ ብዬ በገዛ ፈቃዴ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጥቅሌን ታቅፌ፣ ጭንቅላቴን ጉልበቶቼ መሐል ቀብሬ። በሩ ተከፈተ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት ብቅ ብሎ አየኝና ፊቱ በራ።

«ባለ እንጆሪው! እርስዎ ነዎት አይደል? መጡ!» ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ።

እንዴት እንዳወቀኝ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘሁም፤ እሷ ወጣች። አንሳለች። ሻርፗ እንኳ ትልቅ የሆነባት መሰለኝ። ወለሉ ላይ መቀመጤን አይታ ወደ እኔ ጎንበስ ልትል ስትል «አይሆንም፣ ቁሚ፣ እዚያው ቁሚ፤ የምነግርሽ አለ» አልኳት። ጋዜጣውን ፈታሁ። የጠቆረውን ዘንግ ከፍ አድርጌ ያዝኩ።

«የቆረጥኩት አዲሶቹን ነው። ሁሉንም። ያሰርኳቸው ያረጁትን ነው። ፎቶው ውሸት ነው፤ ዱላ ሰክቼ ነው ያነሣሁት። ለከርሞ ምንም የለም። አንዲት ፍሬ የለም።»

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳት ብዬ ክው አልኩ። ከዚያ ድምፁ ወጣ፤ ሳቅ ነው። ደረቷን በመዳፏ ይዛ፣ «አታስቀኝ፣ ያመኛል» እያለች፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ወጣቱም ሳቀ። ከኋላው ያለችው ነርስ ሳይቀር።

«አውቃለሁ እኮ» አለችኝ። «ገና ፎቶውን ስከፍተው ነው ያወቅኩት። ግማሾቹን ገልብጠህ ነው የሰካሃቸው! እንቡጡ ሁሉ ቁልቁል ወደ መሬት ያያል። እሾሁ ወደ ላይ! የጆንያው ጫፍም ይታያል፣ ሽንኩርት የሚል ጽሑፍ አለበት።»

«ያማረ ነው አልሽኝ!»

«ያምራላ! በየቀኑ ሳልገባ በፊት አየዋለሁ፣ ለእነዚህም አሳያቸዋለሁ። እዚያ ውስጥ አትንቀሳቀሺ ሲሉኝ አንተ ጎንበስ ብለህ ያን ሁሉ ዱላ ስትሰካ ይታየኛል። ሳቄን ለመያዝ ስታገል ሰዓቱ ያልቃል።» ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «በሁለተኛው ቀን ልነግርህ ነበር። ከዚያ፣ ይምጣና ራሱ ይንገረኝ አልኩ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስል አራት ሳምንት ሊሞላኝ ነው።»

ይህን ስትል አልሳቀችም።  ፈርቼ ነው አልኳት። እኔም እኮ ፈርቻለሁ አለችኝ። ከዚያ ያንን ዘንግ ይዤ ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ፤ እንደ ልጅ፣ በድምፅ። ነርሷ ሮጣ ውኃ አመጣች።

አሁንም ለእኔ።

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ሠላሳኛውና የመጨረሻው። በዚህ ሳምንት አምስቱንም ቀን ኮሪደሩ ላይ ጠብቄያታለሁ። ሦስቱን ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ አንዱን ወንበር ላይ፣ ዛሬ ቆሜ። እህቷ «ይኸው ቆመ!» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ሐኪሙን እኔ ራሴ ጠየቅኩት። የመኪና ማቆሚያውን ሳላይ። «ለጊዜው ጥሩ ነው» አለ። «በየሦስት ወሩ እንከታተላለን። ሁለት ዓመቱን በደህና ካለፍን ያን ጊዜ እኔም ትንሽ እተነፍሳለሁ።» ሁለት ዓመት። ቁጥሩን ይዤ ወጣሁ፤ ለማን እንደማስረክበው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ቤታችን ነን። ዛሬ ፀሐይ ወጣ ስላለ የማድ ቤቱን ወንበር ጓሮ አወጣሁላት። ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀመጠች፤ እኔ መቀሱን ይዤ ቆምኩ። ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ላይ ክርኗን አስደግፋ ሥራዋን ፈትታለች።

«በል ቁረጥ» አለች ባለቤቴ።

«ይሄኛውን?»

«ይሄኛውን።»

«ዘንድሮ ከሁሉም በላይ የሰጠው እሱ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የለቀምኩት። ቁረጠው።»

ድርብ ቋጠሮዬን ለመፍታት ጥርሴን ሁሉ ተጠቅሜያለሁ። ስቆርጠው ደርቆ ነበር፤ ምንም አልታገለም። ሁለተኛውን ቆረጥኩ። ሦስተኛው ላይ እጄ ትንሽ ሳይዘገይ አልቀረም፤ አልሸሽገውም።

«አንተን አልቆርጥህም፣ አይዞህ» አለችኝ።

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም አልኳት። ልብስ ሰፊዋ ግን የገባት ይመስላል፤ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ሁሉንም ጨርሼ መስመሩ ባዶ ሲሆን፣ ሽቦውና ገለባው ብቻ ቀርቶ ሲታየኝ መቀሱን መሬት አስቀመጥኩ። እሷ ግን ከወንበሯ ወርዳ ተንበረከከች። እንዳትነሺ ብላት አልሰማችኝም። ገለባውን ወደ ጎን አደረገችና አፈሩን በጣቷ ጫረት ጫረት አደረገች። ከሥሩ ጎን ከጥፍሯ የማትበልጥ፣ ቀላ ያለች ጫፍ ብቅ ብላለች።

«ይቺውልህ» አለች። «ከርሞ ታድጋለች እንጂ አታፈራም። እንዳትቆጣት። ማርማላታው የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ነው።»

«ሁለት ዓመት» አልኩ።

«ምነው? በዛብህ?»

አልበዛብኝም አልኩ።  ትከሻዬን ይዛ ተነሣች፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ ማቀዝቀዣው ላይ የነበረውን ወረቀት ገንጥላ በጀርባው ጻፈችበትና አምጥታ ሰጠችኝ።

«እንጆሪው። እኔ አጠገብህ ሳልቆም ምንም እንዳትቆርጥ። ለሁለት ዓመት የጸና ነው።»

«የትርጓሜ ጥያቄ ካለህ አሁን ጠይቅ» አለችኝ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ካየኋቸው ሁሉ ምርጡ መመሪያ ነው። ቀኑን ጻፍኩ፤ ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ ብዬ ፈረምኩበት።